ከፊደል ገበታ እስከ ተረት መጽሐፍ፤ አነስተኛ ገቢ ባለው ኅብረተሰብ መዋዕለ ሕፃናት የንባብ መጻሕፍት አቅርቦት ታሪክ

መግቢያ

በኢትዮጵያ ፊደልን ለሕፃናት ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። የመጀመሪያው ዘመናዊ የመንግሥት ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም. ከመከፈቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በየደብሩ ዐጸድና በየመስጊዱ ጥግ ገና በለጋ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ይሁን እንጂ ፊደል መቁጠርና መጽሐፍ ማንበብ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሕፃኑ በዕድሜው ልክ የተጻፈ፣ በሚናገረው ቋንቋ የተዘጋጀና ደስ እያለው የሚገልጠው ባለሥዕል መጽሐፍ ያገኛል ወይ የሚለው ጥያቄ የተነሣው እጅግ ዘግይቶ ነው።

ጥያቄው ከሁሉ ይበልጥ የሚከብደው አነስተኛ ገቢ ባለው ኅብረተሰብ ውስጥ ነው። የደኅና ኑሮ ባለቤት ልጅ በትምህርት ቤቱ መጽሐፍ ባያገኝ በቤቱ ሊያገኝ ይችላል። በቀን ሥራ፣ በጉልት ንግድ ወይም በአነስተኛ እርሻ የሚተዳደር ቤተሰብ ልጅ ግን መጽሐፍን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በመማሪያ ክፍሉ ነው። በክፍሉ ውስጥ ከሌለ ለእርሱ የትም የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ለሕፃናት የሚሆን የንባብ መጽሐፍ በሀገራችን የተጓዘበትን መንገድ በአጭሩ መቃኘትና ከታሪኩ ለዛሬው ዕቅድ የሚጠቅመውን ማመልከት ነው። ከታሪኩ ጎልቶ የሚታየው አንድ ነገር አለ። የፊደል ገበታ ወደ ድኻው ቤት የገባው ርካሽ፣ ለብዙ ልጆች በአንድነት የሚያገለግልና በየገበያው የሚገኝ በመሆኑ ነው። የተረት መጽሐፍ ግን እንደ ማስተማሪያ መሣሪያ ሳይሆን እንደ ጌጥ ወይም እንደ ስጦታ ሲታይ ስለ ኖረ በየዘመኑ ከዕቅድ ውጭ ሆኖ ቆይቷል።

1. የፊደል ገበታ ዘመን

በቤተ ክህነት ትምህርት ሥርዓት ሕፃኑ የሚጀምረው በፊደል ቆጠራ ነው። ሀ፣ ሁ፣ ሂ ብሎ በተራ ከዘለቀ በኋላ የቃል ልምዱ ፊደሉን እንዳይሸፍንበት አቡጊዳውን ይቆጥራል። ከዚያ የዮሐንስን መልእክት በግዕዝ፣ በውርድ ንባብና በቁም ንባብ ደረጃ በደረጃ ይማርና ወደ ዳዊት ይሻገራል። መሣሪያው እጅግ ጥቂት ነበር። ፊደሉ የተጻፈበት ብራና፣ ፊደሉን የሚጠቁሙበት ስንደዶ፣ ከየኔታ እግር ሥር የሚቀመጡበት መሬት፤ ይኸው ነው። በቁርኣን ትምህርት ቤትም እንዲሁ ልጁ የሚማረው በእንጨት ሰሌዳ ላይ በቀለም እየጻፈ፣ ሲያውቀው አጥቦ ሌላ እየጻፈ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ጥንካሬ ሊዘነጋ አይገባም። ድኻ ተማሪ ከሀብታም ተማሪ ያነሰ መሣሪያ አልነበረውም፤ ሁለቱም በአንድ ገበታ ይማሩ ነበር። አንዱ ዳዊት ለብዙ ልጆች ስለሚያገለግል መጽሐፉን ከብበው የሚቀመጡ ልጆች ከፊት ለፊት ያለው እያቀና፣ ከማዶ ያለው እየገለበጠ ማንበብ ይለምዱ እንደ ነበር ይነገራል። የመጽሐፍ እጥረት ምን ያህል ብልሃት እንዳስተማረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የሥርዓቱ ድክመት ደግሞ የንባቡ ቋንቋና ይዘት ከሕፃኑ ሕይወት የራቀ መሆኑ ነው። ልጁ የሚያነበው ግዕዙን ወይም ዐረብኛውን ነው፤ የሚናገረው ግን አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ ወይም ሌላ ቋንቋ ነው። ድምፁን አጥርቶ ያወጣል፤ ትርጉሙን የሚያገኘው በትምህርቱ ከገፋ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለልጅነት አእምሮ የሚስማማው ተረትና እንቆቅልሽ በሌላ ወገን ከመጽሐፍ ውጭ ይኖር ነበር። ማታ በእሳት ዳር «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» ብሎ የሚመልሰው ልጅ ያን ተረት በጽሑፍ አይቶት አያውቅም። ከዚህም የተነሣ ንባብና ደስታ፣ ፊደልና ተረት በሁለት የተለያዩ ቦታዎች አደጉ።

የኅትመት መሣሪያ ከተስፋፋ በኋላ የፊደል ገበታው በወረቀት ላይ መታተም ጀመረ። በዚህ ረገድ የተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ማተሚያ ቤት ያደረገው አስተዋጽኦ በሰፊው የሚታወቅ ነው። በአንድ ሉክ ወረቀት ላይ የታተመው ገበታ በየገበያው፣ በየመንገዱ ዳር በአነስተኛ ዋጋ እየተሸጠ ከከተማ እስከ ገጠር ደረሰ። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ገዝቶ በግድግዳው ላይ ይለጥፈው ነበር። ይህ ለዕቅድ አውጭዎች ትልቅ ትምህርት አለው። ለድኻው የሚደርስ የንባብ መሣሪያ ከቅርጹና ከዋጋው ጀምሮ ለድኻው ታስቦ የተዘጋጀ መሆን አለበት።

2. ተረትና ፊደል የተገናኙበት የመጀመሪያ ሙከራ

ፊደልንና የሕፃናትን የአፍ ሥነ ጽሑፍ በአንድ መጽሐፍ ለማገናኘት ቀድሞ ከተደረጉት ሙከራዎች አንዱ የኦኔሲሞስ ነሲብና የአስቴር ጋኖ ሥራ ነው። ሁለቱም በልጅነታቸው ለባርነት ተሽጠው በኋላ ነፃ የወጡ ሲሆኑ በምፅዋ አቅራቢያ በሞንኩሎ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ተምረዋል። አስቴር ጋኖ የሰሙትን ተረት፣ ዘፈን፣ ምሳሌና እንቆቅልሽ በማስታወስና በመሰብሰብ የታወቁ ነበሩ። ይህ ስብስብ መሠረት ሆኖት እ.ኤ.አ. በ1894 «ጀልቀበ በርሲሳ»፣ ማለትም የትምህርት መጀመሪያ፣ የተባለው የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ በሞንኩሎ በግዕዝ ፊደል ታተመ።

የዚህ ሥራ ዋጋ በይዘት አመራረጡ ላይ ነው። አዘጋጆቹ ለጀማሪ አንባቢ የሚሆን ጽሑፍ ሲፈልጉ የውጭ አገር የንባብ መጽሐፍ ከመተርጎም ይልቅ ልጆች አስቀድመው በጆሯቸው ወደሚያውቁት ነገር ዞሩ። ተማሪው ፊደሉን ሲያነብ የሚያገኘው ቃል ከእናቱ የሰማው ቃል ነው፤ ስለዚህ ንባቡ ወዲያው ትርጉም ይሰጠዋል። ኦኔሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምት ትምህርት ሲጀምሩ ይህንኑ መንገድ ይዘው ነበር። ሆኖም በዘመኑ በነበረው የሃይማኖትና የአስተዳደር ተቃውሞ ምክንያት ጅምሩ በሰፊው ሊቀጥል አልቻለም። ተመሳሳይ አሳብ በመንግሥት መመሪያ እስኪመለስ ድረስ አንድ መቶ ዓመት ገደማ አለፈ።

3. የዘመናዊ ትምህርትና የመዋዕለ ሕፃናት መስፋፋት

የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900 ዓ.ም.፣ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በ1917 ዓ.ም. ሲከፈቱ የትምህርቱ ትኩረት የውጭ ቋንቋዎችና ለመንግሥት ሥራ የሚያበቃ ዕውቀት ነበር። ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ የአማርኛ መጻሕፍት ኅትመት ቢፋፋምም የተጻፈው በአብዛኛው ለአዋቂ ወይም ለከፍ ያለ ተማሪ ነው። ከጣልያን ወረራ በኋላ የወጣው የከበደ ሚካኤል «ታሪክና ምሳሌ» በየትምህርት ቤቱ በስፋት የተነበበ መጽሐፍ ነው፤ ነገር ግን ፊደል ለሚለይ የአምስት ዓመት ልጅ ሳይሆን ማንበብ ለቻለ ተማሪ የሚስማማ ነበር። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አማርኛ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ቋንቋ ሲሆን የመማሪያ መጻሕፍት ዝግጅት ተጠናከረ፤ ከአንደኛ ክፍል በታች ያለው ዕድሜ ግን በዚህ ዝግጅት አልታቀፈም።

መዋዕለ ሕፃናት በመጀመሪያ የተከፈቱት ለውጭ አገር ዜጎችና ለባለሥልጣናት ልጆች ሲሆን በጥቂት ከተሞች የተወሰኑ ነበሩ። መጻሕፍታቸውም ከውጭ የሚመጡ፣ በእንግሊዝኛ ወይም በፈረንሳይኛ የተጻፉ ነበሩ። ስለዚህ የሕፃናት ባለሥዕል መጽሐፍ ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ ከመጀመሪያው የውጭ ቋንቋና የሀብት ምልክት ሆኖ ገባ። ይህ አመለካከት በኋላ በተስፋፉት የግል መዋዕለ ሕፃናትም ሥር ሰድዶ ቀረ።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሁኔታው ተለወጠ። የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት በየቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት አቋቋሙ፤ የሕፃናት ኮሚሽንም እ.ኤ.አ. በ1981 ተመሠረተ። ለመጀመሪያ ጊዜ የወዛደሩና የአነስተኛ ነጋዴው ልጅ ከአንደኛ ክፍል በፊት ክፍል ገባ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን በየገጠሩ የንባብ ክፍሎች እንዲከፈቱ አድርጓል። ዘመቻው ለአዲስ አንባቢ አዋቂዎች ቀላል ጽሑፍ ማዘጋጀት እንደሚቻል በተግባር አሳየ። በቀበሌው መዋዕለ ሕፃናት ግን የሥራው ማዕከል መዝሙር፣ ጨዋታ፣ የፊደል ገበታና ምግብ ነበር። ክፍሉ፣ ሞግዚቷና መምህርቷ በበጀት ሲታሰቡ የተረት መጽሐፉ አልታሰበም።

በነዚያ ዓመታት ተረትን ለሕፃናት በማቅረብ ረገድ ከሁሉ የላቀውን ሥራ የሠራው መጽሐፍ ሳይሆን ቴሌቪዥን ነው። ተስፋዬ ሣህሉ፣ በሕዝብ ዘንድ አባባ ተስፋዬ ተብለው የሚታወቁት፣ ከ40 ዓመት በላይ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ለልጆች ተረት ተርከዋል። ይህ ዝግጅት የሕፃናት የተረት ፍላጎት ምን ያህል ሰፊ እንደ ነበረ ያረጋግጣል። ቴሌቪዥን የነበረው ቤት ግን ጥቂት ነበር፤ ተረቱም ካለፈ በኋላ ልጁ ተመልሶ የሚገልጠው ገጽ አልነበረም።

4. የክፍሎች መብዛትና የመጻሕፍት መጥፋት

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ በማድረጉ ለተስማሚ የንባብ መጻሕፍት ዝግጅት በር ከፍቷል። መዋዕለ ሕፃናትን በተመለከተ ግን የማቋቋሙ ኃላፊነት በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶች፣ ለሃይማኖት ድርጅቶችና ለማኅበረሰቡ ተተወ። ውጤቱ መክፈል የሚችል የሚገባበት፣ የማይችል የሚቀርበት አገልግሎት ሆነ።

ይህን ለማስተካከል በ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት ብሔራዊ የፖሊሲ ማዕቀፍ ወጣ። ከዚያ ወዲህ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥ የአንድ ዓመት «ኦ ክፍል» እንዲከፈት፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን የሚያስተምሩበት «ልጅ ለልጅ» የተባለው መርሐ ግብርም እንዲስፋፋ ተደረገ። የቅድመ አንደኛ ደረጃ ጥቅል ተሳትፎ በ2002 ዓ.ም. ከ10 በመቶ በታች የነበረ ሲሆን በ2007 ዓ.ም. ከሦስት ሕፃናት ከአንዱ በላይ የሚያቅፍ ሆነ። በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ መስፋፋት በሀገሪቱ የቅድመ አንደኛ ደረጃ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ ፖሊሲ ደግሞ ቅድመ አንደኛ ደረጃን የሁለት ዓመት ትምህርት አድርጎታል።

ክፍሉ የበዛውን ያህል ግን መጽሐፉ አልበዛም። በብዙ ኦ ክፍሎች ግድግዳ ላይ የሚታየው በማዳበሪያ ከረጢት ላይ በቀለም የተጻፈ ፊደልና ቁጥር ነው። ይህ የመምህራኑን ትጋት የሚያስመሰግን ሥራ ነው፤ ነገር ግን በቅርጹ ከጥንቱ የፊደል ገበታ አልራቀም። ልጁ በዓመቱ መጨረሻ ፊደል ቆጥሮ ይወጣል፤ መጽሐፍ ከግራ ወደ ቀኝ እንደሚነበብ፣ ገጽ እንደሚገለጥ፣ ጽሑፍ ታሪክ እንደሚናገር ሳያይ ወደ አንደኛ ክፍል ያልፋል። በአጥሩ ማዶ ባለው የግል መዋዕለ ሕፃናት ደግሞ ሌላው ልጅ ባለቀለም መጻሕፍት ሲገልጥ ይውላል፤ ምንም እንኳ ብዙዎቹ መጻሕፍት በማይናገረው ቋንቋ የተጻፉ ቢሆኑም። እነዚህ ሁለት ልጆች ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣሉ።

የዚህ ጉድለት ውጤት በቁጥር ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2010 በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከተፈተኑት የ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶ የሚሆኑት ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ይህ ውጤት ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ በሰባት ቋንቋዎች አዳዲስ የመማሪያ መጻሕፍት እንዲዘጋጁ ምክንያት ሆኗል። እርምጃው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ሥራው የጀመረው ከ1ኛ ክፍል ስለ ሆነ ከዚያ በታች ያለው ሕፃን እንደገና ሳይታሰብ ቀረ።

5. የበጎ ፈቃድ ጥረቶችና ትምህርታቸው

መንግሥት ያልደረሰበትን ክፍተት ለመሙላት ግለሰቦችና ድርጅቶች የደከሙበት ታሪክ አለ። በሳን ፍራንሲስኮ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በሕፃናት ክፍል ይሠሩ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በአማርኛ የተጻፉ የልጆች መጻሕፍት እጥረትን በሥራቸው ላይ ተገነዘቡ። እ.ኤ.አ. በ1998 በኢትዮጵያ ካደገችው ደራሲ ከጄን ከርትዝ ጋር ሆነው በኋላ «ኢትዮጵያ ሪድስ» የተባለውን ድርጅት መሠረቱ። ስለ ማሞ በሚነገረው ነባር ተረት ላይ የተመሠረተ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ የተጻፈ ባለቀለም መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ2002 አሳተሙ፤ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ በአዲስ አበባ የሾላን የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈቱ። በአዋሳ የተጀመረው በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍትም መጽሐፍ ወደ ልጁ ሊሄድ እንደሚችል አሳይቷል። ኮድ ኢትዮጵያም በየወረዳው የማኅበረሰብ ቤተ መጻሕፍት በማቋቋምና በሀገር ቋንቋዎች የልጆች መጻሕፍት በማሳተም ተጠቃሽ ነው። በቴሌቪዥን «ፀሐይ መማር ትወዳለች» የተባለው ዝግጅት የሀገር ልጅ የሆነች ገጸ ባሕርይ ሕፃናትን ምን ያህል እንደምትስብ አስመስክሯል።

እነዚህ ጥረቶች የጋራ ትምህርት ይሰጣሉ። የተሳካላቸው በሀገር ተረትና በሀገር ቋንቋ የተመሠረቱት ናቸው። በአንጻሩ በቅን ልቦና ከውጭ በካርቶን ተሞልተው የሚመጡ መጻሕፍት ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊጠቅሙ ቢችሉም፣ ስለ በረዶ ሰውና ስለ ምድጃ ጭስ መውጫ የሚተርከው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ለኦ ክፍል ሕፃን ሥዕሉም ቃሉም ባዕድ ነው። ከዚህም በላይ የበጎ ፈቃድ ሥራ የደረሰበት ቦታ ይደምቃል፤ ያልደረሰበት እንደ ነበረ ይቀራል። ለሁሉም ሕፃን የሚደርሰው መደበኛ በጀት ብቻ ነው።

6. ተስማሚ መጽሐፍ ማለት ምን ማለት ነው?

ተስማሚነት በመጀመሪያ ከቋንቋው ጠባይ ይነሣል። የአማርኛ ፊደል 33 ፊደላት በሰባት እርባታ ተባዝተው 231 ምልክቶች ሲሆኑ ዲቃሎቹ ይጨመሩበታል። እንደ ሰና በ፣ እንደ ቀና ተ በቅርጽ የሚመሳሰሉም አሉ። ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ በሕፃኑ ፊት መደርደር ያደክማል። የሕፃናት መጽሐፍ ጥቂት ቃላትን ደጋግሞ በማምጣት ልጁ ምልክቱን በታወቀ ቃል ውስጥ ደግሞ ደጋግሞ እንዲያየው ማድረግ አለበት። በተረቶቻችን ውስጥ ያለው የቃል ድግግሞሽ ለዚህ በተፈጥሮው ይስማማል።

ሌላው እምብዛም የማይታሰብበት ጉዳይ መጥበቅና መላላት ነው። የፊደሉ ሥርዓት የሚጠብቀውን ድምፅ ከሚላላው አይለይም። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ጊዜን፣ ሲጠብቅ በዓልን ያመለክታል፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ውስጥ መዋኘት፣ ሲጠብቅ ተቀዳሚ ማለት ነው። አንባቢው ትክክለኛውን ድምፅ የሚያገኘው ከፊደሉ ሳይሆን ቃሉንና ዐረፍተ ነገሩን አስቀድሞ በማወቁ ነው። ስለዚህ በአማርኛ በጆሮ የበለጸገ ልጅ በዓይኑ ቀድሞ ያነባል። ከመዋዕለ ሕፃናቱ መምህር የሚፈለገው ከሁሉ በፊት ጮክ ብሎ ተረት ማንበብ ነው፤ ይህም የፊደል ትምህርት እንቅፋት ሳይሆን መሠረቱ ነው።

በዚህ ዕድሜ መጽሐፍ ማቅረብ ሕፃናትን ያለጊዜያቸው ያጨናንቃል የሚል ተቃውሞ አልፎ አልፎ ይሰማል። ተቃውሞው መጽሐፉ የቤት ሥራና የፈተና መሣሪያ ሲሆን እውነት ነው። ተረቱ ሲነበብ ልጆቹ እየሰሙ፣ ሥዕሉን እያዩ፣ የሚደጋገመውን ቃል አብረው እያሉ የሚሳተፉበት ሲሆን ግን ንባቡ ራሱ ጨዋታ ነው።

ሥዕሉም ከልጁ አካባቢ መነሣት ይኖርበታል። የደጋው ልጅ ምጣዱንና ጀበናውን፣ የአፋርና የሶማሌ ልጅ ግመሉንና ተሸካሚ ቤቱን በመጽሐፉ ሲያይ ጽሑፍ የእርሱንም ኑሮ የሚናገር መሆኑን ይረዳል። ሴቶች ልጆች ውኃ ሲቀዱ ብቻ፣ ወንዶች ልጆች ሲያነቡ ብቻ የሚሳሉበት መጽሐፍ ተስማሚ አይባልም።

በመጨረሻም ብዙ ሕፃናት በታጨቁበት ክፍል ትንሽ መጽሐፍ ከፊት ረድፍ አያልፍም። በኒውዚላንድ ዶን ሆልዳዌይ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ያስፋፉት የትልቅ መጽሐፍ ዘዴ ለዚህ መፍትሔ አለው። ገጹ ከኋላ ለተቀመጠው ልጅ እንዲታይ ተደርጎ በትልቁ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ መምህሩ በጣቱ እየጠቆመ ከክፍሉ ጋር ያነበዋል። ይህ የስንደዶውና የፊደል ገበታው አሠራር በአዲስ መልክ መመለስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 በፊጂ ደሴቶች በተጀመረ ጥናት ለገጠር ክፍሎች ለእያንዳንዳቸው 250 ባለሥዕል መጻሕፍት ሲሰጡ፣ ከመደበኛው ዘዴ ጋር ሲነጻጸር ተማሪዎቹ በንባብ በእጥፍ ገደማ ፈጥነው መግፋታቸው ታይቷል። የዚያ ጥናት ተማሪዎች በዕድሜ ከፍ ያሉ ነበሩ፤ ቢሆንም መጽሐፍ በድኻ ክፍል ውስጥ ምን ሊሠራ እንደሚችል ያመለክታል።

7. ዋጋ፣ ኅትመትና የንብረት አያያዝ

ባለቀለም መጽሐፍ ውድ ነው የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው። ከኅትመት ወጪው ከፍተኛው ክፍል ግን ሥዕሉን ማሳልና የማተሚያ ሰሌዳዎቹን ማዘጋጀት ስለ ሆነ የቅጂው ብዛት ሲጨምር የአንዱ መጽሐፍ ዋጋ ይወርዳል። ችግሩ በብዙ ቋንቋ የሚያስተምር ሀገር የእያንዳንዱ ቋንቋ ኅትመት አነስተኛ መሆኑ ነው። ለዚህም መላ አለ። ሥዕሎቹ በቀለም አንድ ጊዜ በብዛት ይታተማሉ፤ ጽሑፉ ግን በጥቁር ቀለም ብቻ በሚቀያየር አንድ ሰሌዳ በየቋንቋው ይገባል። ለበርካታ ክልሎች የሚስማማ አንድ ተረት በዚህ መንገድ በአምስት ወይም በስድስት ቋንቋ ሊወጣ ይችላል። አሥራ ስድስት ገጽ ያለው፣ በክር የተሰፋ፣ ሽፋኑ ጠንካራ የሆነ መጽሐፍ በብዙ እጆች መገላበጥን ይችላል።

ሁለተኛው መሰናክል ዋጋ ሳይሆን ቁልፍ ነው። መጻሕፍት በሞዴል 19 ገቢ ሆነው በቋሚ ንብረትነት ሲመዘገቡ፣ በሞዴል 22 ወጪ አድርጎ የተረከበው መምህር ለጠፋውና ለተቀደደው ተጠያቂ ይሆናል። በጥቂት ደመወዝ የሚተዳደር መምህር ይህን ሥጋት ይዞ መጻሕፍቱን በሕፃናት እጅ ሊተው አይደፍርም። ስለዚህ መጻሕፍቱ በቁምሳጥን ይቆለፋሉ፤ በዓመቱ ቆጠራ አንድም ሳይጎድል ይገኛሉ፤ አንድም ልጅ ሳያነባቸው። የሕፃናት መጽሐፍ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ የጥሩ አያያዝ ምልክት ሳይሆን ያለመነበቡ ማስረጃ ነው። እንደ ጠመኔና እንደ ወረቀት በአላቂ ዕቃነት ቢመዘገብ መምህሩ ነፃ ይወጣል።

ሦስተኛው የመምህሩ ዝግጅት ነው። አብዛኛው የኦ ክፍል መምህር ፊደል ማስቆጠርን እንጂ ተረት ማንበብን በሥልጠናው አልተለማመደም። በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ሠልጣኙ ከአካባቢው አዛውንት ተረት ሰብስቦ፣ በማኒላ ወረቀት ጽፎና ሥሎ፣ በክር ሰፍቶ፣ በልምምድ ክፍሉ ቢያነበው ኮሌጁ በየዓመቱ መምህራንንም መጻሕፍትንም ያወጣል። አስቴር ጋኖ ከአንድ መቶ ዓመት በፊት ያደረጉት ሥራ ከዚህ የተለየ አልነበረም።

ማጠቃለያ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ ሲጠቃለል ሦስት ነገሮች ይታያሉ። በየዘመኑ ክፍሎች ሲስፋፉ ፊደሉ አብሮ ተስፋፍቷል፤ የንባብ መጽሐፉ ግን ወደ ኋላ ቀርቷል። ተስማሚ መጽሐፍ በታየበት ጊዜ ሁሉ ምንጩ የሕፃናቱ የራሳቸው ቋንቋና ተረት ነበር። መጽሐፉ ያልቀጠለው ደግሞ ሕፃናት ስላልወደዱት ሳይሆን በዕቅድና በበጀት ውስጥ ቋሚ ቦታ ስላላገኘ ነው።

በመሆኑም የሚከተሉት እርምጃዎች ትኩረት ሊሰጣቸው ይገባል። አንደኛ፣ አዲስ ኦ ክፍል ሲከፈት የተረት መጻሕፍት እንደ ሰሌዳና እንደ ወንበር ከመነሻ ዕቃዎች ዝርዝር ውስጥ ይግቡ። ሁለተኛ፣ ክልሎች ሥዕልን በጋራ፣ ጽሑፍን በየቋንቋቸው የሚያሳትሙበት ስምምነት ይፈጠር። ሦስተኛ፣ የሕፃናት መጻሕፍት የንብረት አመዘጋገብ ይሻሻል። አራተኛ፣ ጮክ ብሎ ማንበብ በመዋዕለ ሕፃናት መምህራን ሥልጠና የሚመዘን ተግባር ይሁን፤ በክፍሉ የዕለት መርሐ ግብርም ቋሚ ሰዓት ይኑረው።

እነዚህ ሁሉ እስኪሟሉ ድረስ መጠበቅ ግን አያስፈልግም። አንድ መምህር በአካባቢው የታወቀ አንድ ተረት በትልልቅ ወረቀት ላይ ጽፎና ሥሎ በልጆቹ ቁመት ልክ ቢሰቅለው ሥራው ተጀምሯል። የፊደል ገበታም ወደ ድኻው ቤት የገባው በአንድ ሉክ ወረቀት ነበር።